የአልጋ ቁራኛና የመሐንዲሱ ድርሻ




ከአልጋ ሊነሣ የማይችለውን ሕመምተኛ በአማርኛ «የአልጋ ቁራኛ» ማለት የተለመደ ነው። ቃሉ ከየት እንደ መጣ ማስታወሱ ለዚህ ንግግር መግቢያ ይሆናል። በቀድሞው የአገራችን የፍርድ ሥርዐት ባለዕዳና ባለገንዘብ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ጉዳያቸው ተቈርጦ እስኪያልቅ ድረስ በሰንሰለት ወይም በልብሳቸው ጫፍ ተቈራኝተው ይሄዱ ነበር። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይቀመጣል፤ አንዱ ሲነሣ ሌላውም ይነሣል። ሕመምተኛውን የአልጋ ቁራኛ ብሎ የሰየመው ሰው እንግዲህ አልጋውንና ሰውየውን የማይዋደዱ፣ ነገር ግን ሊለያዩ ያልቻሉ ሁለት ባለጉዳዮች አድርጎ ተመልክቷቸዋል። ልዩነቱ፣ ከሁለቱ አንደኛው፣ ማለትም አልጋው፣ ፈጽሞ የማይነሣ መሆኑ ነው። ሰውየው ግን ይነሣል፤ ወይም ለመነሣት ይሞክራል። ይህም ንግግር የሚመለከተው ይህንኑ መነሣቱን ነው።

«እንዳይነሡ» ተብሎ ተነግሮት ሳለ የሚነሣ፣ የግሉኮሱን መርፌ ከክንዱ የሚነቅል፣ የሽንት ቱቦውን የሚጎትት፣ በተሰበረ እግሩ ለመቆም የሚሞክር ሕመምተኛ የሌለበት ሆስፒታል የለም። በየክፍሉ የሚሰጠው ስም «አስቸጋሪ በሽተኛ» የሚል ነው። ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ምን ይደረግ ሲባል መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መሣሪያ ያዘነብላል፤ የጎን መከለያ ይደረግለት፣ ማሰሪያ ይበጅለት፣ ሲነሣ የሚጮህ ደወል ይተከልለት ይባላል። ጉዳዩ ወደ መሐንዲሱ ዘንድ የሚደርሰውም በዚሁ መልክ ነው። መሐንዲስ ደግሞ በጠባዩ የታዘዘውን ሠርቶ ማስረከብ ይወዳል። ይሁን እንጂ ትእዛዙ ትክክለኛውን ችግር የሚመለከት መሆኑን አስቀድሞ መመርመር የሙያው ግዴታ ነው።

ለምሳሌ ያህል የጭን አጥንታቸው ተሰብሮ የተኙ አንድ የ70 ዓመት አዛውንት ይታሰቡ። ጊዜው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በክፍሉ ውስጥ ያለው ብርሃን ከኮሪደሩ የሚገባው ብቻ ነው። አዛውንቱ ሽንታቸው መጥቷል። ፖፖው ከአልጋው ሥር ስለ ተቀመጠ እጃቸው አይደርስበትም። መጥሪያ ደወል የለም፤ ቢኖርም ከራስጌያቸው ግድግዳ ላይ ነው። ተረኛዋ ነርስ በዚያ ሰዓት የምትጠብቃቸው ብዙ ሕመምተኞች አሉባት። ደግሞስ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸው የምትሆንን ወጣት ጠርተው «ፖፖውን አቀብይኝ» ለማለት ቀላል ነገር ነውን? እስኪነጋ ልታገሥ ይላሉ፤ አልሆነላቸውም። አልጋውን ማርጠብ በእርሳቸው ዘንድ ከውርደት ሁሉ የከፋ ውርደት ነው። ስለዚህም ይነሣሉ። እኝህ ሰው በራሳቸው ላይ አደጋ ለማምጣት ያሰቡ ሰው አይደሉም፤ ከቀረቡላቸው ሁለት መንገዶች ክብራቸውን የሚጠብቅላቸውን የመረጡ ሰው ናቸው። አሳባቸው ሁሉ ትክክል ነው፤ የተሳሳቱት እግሬ ይሸከመኛል ብለው በማመናቸው ብቻ ነው።

ከሌሊት መነሣቶች ብዙዎቹ ሲመረመሩ ምክንያታቸው ከዚህ የራቀ አይደለም። ሽንት፣ ጥማት፣ ሕመም፣ በአንድ ጎን ብቻ ከመተኛት የመጣ ድካም፣ ከእጅ አምልጦ የወደቀ ዕቃ። ሌላው ምክንያት ግን ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። በዕድሜ የገፋ ሰው ከባድ ኢንፌክሽን ሲይዘው፣ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት፣ እንቅልፍ ሲያጣ ወይም አንዳንድ መድኃኒት ሳይስማማው ሲቀር አእምሮው በድንገት ይናወጣል። ሐኪሞች ይህን ሁኔታ ዴሊሪየም ይሉታል፤ አስታማሚው ሕዝብ «ይቃዣል» ይላል። ቀን ሲጫወት የዋለ ሰው ማታ ከብቶቹ ከበረት የወጡበት መስሎት ይነሣል። ክንዱ ላይ የተጣበቀው ነገር ምን እንደ ሆነ አያውቀውም፤ ስለዚህ ይነቅለዋል። ከውጭ ሲታይ እብደት የሚመስለው ድርጊት ከውስጥ ሲታይ ምክንያት አለው። በዚያች ሰዓት እጁ ቢታሰር ጠላት እንደ ያዘው ቈጥሮ ይታገላል፤ በታገለም ቍጥር መናወጡ ይብስበታል።

ሕመምተኛን ማሰር የቆየ ልማድ እንደ መሆኑ መጠን ክርክሩም የቆየ ነው። በፓሪስ ከተማ በቢሴትር ሆስፒታል የአእምሮ ሕመምተኞች ተቈጣጣሪ የነበረው ዣን ባፕቲስት ፒዩሳን የሕመምተኞቹን ሰንሰለት ያስቀረው እ.ኤ.አ. በ1797 ነው። ምንም እንኳ ዝናው ለሐኪሙ ለፊሊፕ ፒኔል ቢተርፍም፣ ሥራው የዚያ ሐኪም ያልሆነ ሰው ነበር። በሰንሰለቱ ፈንታ የገባው ግን የጨርቅ ማሰሪያ ነው። በእንግሊዝ አገር ጆን ኮኖሊ እ.ኤ.አ. በ1839 በሃንዌል የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ይህንኑ የጨርቅ ማሰሪያ ጭምር አስቀርቶ በሰው ክትትል ተካው። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ሕግ በአረጋውያን መጦሪያዎች ውስጥ የሚኖር ሰው ለቅጣት ወይም ለሠራተኛው ምቾት ሲባል እንዳይታሰር ከልክሏል። «ለሠራተኛው ምቾት» የምትለው አነጋገር ልትስተዋል ይገባታል፤ ሕግ አውጪዎቹ ማሰሪያው ማንን እንደሚያገለግል በሚገባ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ማሰሪያ ጉዳት የለውም የሚባለው ከውጭ ሲታይ ብቻ ነው። ታስሮ የተኛ ሰው በሰዓታት ውስጥ ቆዳው በአጥንቱና በፍራሹ መካከል መቍሰል ይጀምራል፤ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ደሙ በእግሩ ሥሮች ውስጥ ሊረጋ፣ ሳንባውም በምች ሊያዝ ይችላል። ማሰሪያው አንገትና ደረት ላይ ሲንሸራተት ደግሞ ሰው ገድሏል። በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ የመተንፈሻ ቱቦአቸውን በገዛ እጃቸው ካወጡት ሕመምተኞች ብዙዎቹ ቱቦውን ያወጡት እጃቸው ታስሮ ሳለ ነው።

ለመሐንዲሱ ይበልጥ የቀረበው ጉዳይ ግን የአልጋው የጎን መከለያ ነው። መከለያውን የሚጠላ ሰው አይገኝም፤ ቤተ ዘመድም ሲያየው ደስ ይለዋል፤ የሕፃን አልጋ ስለሚመስል ጥበቃን ያሳስባል። በዚህ ረገድ ለረጅም ዓመታት የተጠራቀመ መዝገብ ያለው የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2009 መጀመሪያ ድረስ ለመሥሪያ ቤቱ የደረሱት ሪፖርቶች እንደሚገልጹት፣ 803 ሰዎች በአልጋ መከለያና በፍራሽ መካከል ወይም በመከለያው ብረቶች ውስጥ ተይዘው፣ ተጣብቀው ወይም ታንቀው ተገኝተዋል። ከእነዚህ ውስጥ 480ዎቹ ሞተዋል፤ 138ቱ ቈስለዋል፤ 185ቱ ሠራተኛ ደርሶላቸው ሳይጎዱ ቀርተዋል። ቍጥሩ ሪፖርት የተደረገውን ብቻ የሚመለከት ነው። አብዛኞቹ ሽማግሌዎች፣ አቅመ ደካሞች ወይም አእምሮአቸው የተናወጠ ሰዎች ነበሩ፤ ይኸውም መከለያው ይጠብቃቸዋል ተብሎ የታመነላቸው እነዚያው ሰዎች ናቸው።

አደጋው እንዴት እንደሚደርስ መረዳት ከባድ አይደለም። ሕመምተኛው ወደ ጠርዝ ይጠጋል፤ ፍራሹ በክብደቱ ይታጠፋል፤ በፍራሹና በመከለያው መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። እግርና ዳሌ በክፍተቱ ሾልከው ሲወርዱ ደረት ወይም አንገት ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሰውየውን የሚጫነው የገዛ ክብደቱ ነው። ደካማ ሰው ራሱን ወደ ላይ መልሶ ሊስብ አይችልም፤ ደረቱ ስለ ተጨነቀም ለመጮኽ አቅም የለውም።

ይኸው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ በአልጋ ላይ ሰው ሊያዝባቸው የሚችሉ 7 ሥፍራዎችን ለይቶ፣ ለ4ቱ መጠን ወስኖላቸዋል። በመከለያው ብረቶች መካከል፣ ከመከለያው በታች፣ እንዲሁም በመከለያውና በፍራሹ መካከል ያለው ክፍተት ከ120 ሚሊ ሜትር ማነስ አለበት። በመከለያው ጫፍ በኩል ከታች ያለው ክፍተት ደግሞ ከ60 ሚሊ ሜትር ማነስ ይገባዋል። የመጀመሪያው መጠን የተወሰደው ከትንሽ ሰው የራስ ቅል ስፋት፣ ሁለተኛው ከትንሽ ሰው የአንገት ውፍረት ነው።

እንግዲህ ይህ መጠን በአገራችን ሆስፒታሎች በሚገኙት አልጋዎች ላይ ሲሞከር ምን ይታያል? አልጋው ከውጭ በእርዳታ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ አብሮት የመጣው ፍራሽ ካረጀ ቈይቶ በምትኩ ከመርካቶ የተገዛ የስፖንጅ ፍራሽ ተነጥፎበታል፤ መከለያው ከሌላ አልጋ ተነቅሎ በብየዳ የተያያዘ ነው። ሦስቱም ለየብቻቸው ደኅና ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ማንም ያላሰበው አዲስ አልጋ ይሆናሉ። የአልጋው ብረት 90 ሴንቲ ሜትር፣ ፍራሹ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ፍራሹ ወደ አንድ ጎን ሲገፋ በሌላው ጎን 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይቀራል። በወረቀት ላይ ከ120 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ዳሩ ግን የስፖንጅ ጠርዝ ሰው ሲያርፍበት ይሸሻል፤ ክፍተቱም ከተፈቀደው ይበልጣል። የሚለካው ስለዚህ ባዶ አልጋ ሳይሆን የተጫነ ፍራሽ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ በማንኛውም ወርክሾፕ ከእንጨት ሊጠረብ የሚችል፣ ወፍራም ጫፉ 120 ሚሊ ሜትር የሆነ ሾጣጣ መለኪያ ነው።

መከለያው ሌላም ነገር ያደርጋል፤ ከፍታን ይጨምራል። የሚወድቅ ሰው ከመሬት ጋር የሚጋጨው ከከፍታው ጋር በሚመጣጠን ኃይል መሆኑን ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ከ60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢወድቅ ይዞት የሚወርደው ጉልበት 350 ጁል ያህል ነው። በ40 ሴንቲ ሜትር መከለያ ላይ ተሻግሮ ከ1 ሜትር ቢወድቅ ወደ 590 ጁል ይደርሳል። አልጋው እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ግን ከ150 ጁል አይበልጥም። በዚያም ላይ በመከለያ የሚሻገር ሰው ብዙውን ጊዜ በእግሩ ሳይሆን በራሱ ነው የሚወርደው።

ይህ ማለት መከለያ ይወገድ ማለት አይደለም። ከቀዶ ሕክምና ክፍል በተሽከርካሪ አልጋ ለሚወሰድ፣ ገና ከማደንዘዣ ላልነቃ፣ ራሱን ለማያውቅ ሰው አስፈላጊ ነው። ብረቱን ይዞ ለሚገላበጥም ይጠቅማል። መከለያ ሳያውቅ የሚንከባለለውን ሰው ይጠብቃል፤ ለመውረድ የወሰነውን ሰው ግን አይመልሰውም፤ የሚወርድበትን መንገድ ብቻ ያከፋበታል። ይህን ልዩነት ሳይለዩ ለሁሉም አንድ ዓይነት መከለያ ማዘዝ የሐኪም ትእዛዝ ሳይሆን የመጋዘን ትእዛዝ ነው።

ስለ ማስጠንቀቂያ ደወልም ባጭሩ መናገር ይቻላል። ሕመምተኛው ከፍራሹ ሲነሣ የሚጮኽ መሣሪያ በውጭ አገር ሆስፒታሎች በብዛት ተተክሏል። በአንድ የአሜሪካ ከተማ ሆስፒታል በ16 ክፍሎች፣ ከ27,000 በላይ በሆኑ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሞ ነበር። ደወሉ በሚገባ በሥራ ላይ ውሏል፤ የወደቁትና የተጎዱት ሰዎች ቍጥር ግን አልቀነሰም። ምክንያቱን ለመገመት አያዳግትም። ደወሉ የሚናገረው ሰውየው ከተነሣ በኋላ ነው። በሐሰት ሲጮኽ የሰነበተን ደወል ደግሞ ሰምቶ የሚሮጥ አይኖርም።

ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ውጤት ያሳየው ሥራ ለመሐንዲስ ጆሮ ከቶ ትንሽ ነገር ይመስላል። ዶክተር ሻረን ኢኖዬና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ በዬል ኒው ሄቨን ሆስፒታል የተኙ ዕድሜአቸው 70ና ከዚያ በላይ የሆነ 852 ሕመምተኞችን ተከታትለዋል። ልዩ እንክብካቤ ከተደረገላቸው መካከል አእምሮአቸው የተናወጠው 9.9 በመቶ ሲሆን፣ የተለመደው ሕክምና ብቻ ከተሰጣቸው መካከል 15 በመቶ ነበር። እንክብካቤውም መነጽሩን መስጠት፣ ጆሮው የሚሰማበትን መሣሪያ ማድረግ፣ ውኃ ማጠጣት፣ ቀኑንና ቦታውን እየነገሩ ማጫወት፣ በተቻለ መጠን ማንቀሳቀስ፣ ማታ ትኩስ ነገር አጠጥተው ያለ እንቅልፍ መድኃኒት እንዲተኛ ክፍሉን ጸጥ ማድረግ ነበር። ይህን የሚያደርጉት በከፊል የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

በአገራችን ይህን የሚያደርገው ሰው በጎ ፈቃደኛ አይባልም፤ አስታማሚ ይባላል። ወንድም፣ ልጅ፣ ሚስት፣ አንዳንድ ጊዜም የሰፈር ሰው ነው። ምግብ በሳሕን ቋጥሮ ያመጣል፤ በአልጋው ግርጌ መሬት ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል፤ ሕመምተኛውን በስሙ ይጠራዋል። ከላይ በተጠቀሰው ጥናት በብዙ ድካም የተዘረጋው ሥራ ግማሹ በአስታማሚው እጅ ያለ ማንም ትእዛዝ ሲሠራ የኖረ ነው። ነገር ግን በሆስፒታሉ ሥርዐት ውስጥ አስታማሚው የሚታወቀው እንደ ረዳት ሳይሆን እንደ መጨናነቅ ነው። የመጠየቂያ ሰዓት አለቀ ሲባል ዘበኛው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስወጣው እርሱን ነው። መጨናነቁ እውነት ነው፤ የንጽሕናውም ነገር ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ለሚቃዥ ሕመምተኛ አንድ የሚያውቀው ፊት አጠገቡ እንዲያድር መፍቀድ ከማናቸውም ማሰሪያ ርካሽና የተሻለ መሆኑ መታወቅ አለበት።

እርግጥ ነው፣ አስታማሚው ራሱ አደጋ የሚያመጣበት ጊዜ አለ። ይህም በግልጽ የሚታየው በትራክሽን በተያዙ ሕመምተኞች ላይ ነው። የጭን አጥንቱ የተሰበረ ሰው እግሩ በገመድና በክብደት እየተሳበ ለብዙ ሳምንታት በጀርባው ይተኛል። ሕመሙ ሲበረታበት ክብደቱን እንዲያነሡለት ይለምናል፤ እናት ወይም ወንድም ጨክኖ እምቢ አይልም፤ ክብደቱን ወንበር ላይ ያሳርፍለታል። ጠዋት ሐኪሙ ሲመጣ አጥንቱ ተንሸራቷል። ይህ የሚሆነው በክፋት አይደለም። ክብደቱ ምን እንደሚሠራ የነገራቸው ስለሌለ ነው። ገመዱ በመዘውር ላይ እንዴት እንደሚስብ፣ ክብደቱ መሬት ሲነካ ለምን ሥራው እንደሚቋረጥ በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ይቻላል፤ ባላገር ደግሞ ከጉድጓድ ውኃ ሲስብ የኖረ ስለ ሆነ ከብዙዎች ቀድሞ ይገባዋል።

በዚሁ በትራክሽን ጉዳይ የምሕንድስና ድርሻ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል የሚያስረዳ ምሳሌ አለ። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ሉዊስ ዘርክል እ.ኤ.አ. በ1999 ያቋቋሙት ሳይን የተባለው ድርጅት፣ የራጅ ማሳያ መሣሪያ በቀዶ ሕክምና ክፍላቸው ለሌላቸው ሆስፒታሎች የሚሆን የአጥንት ውስጥ ብረት ያዘጋጃል። የተለመደው ብረት ሲገባ ብሎኖቹ የሚታሠሩባቸውን ቀዳዳዎች ለማግኘት በየጊዜው በራጅ ማየት ያስፈልግ ነበር። በዚህኛው ግን ከአጥንቱ ውጭ የሚቀመጥ ማመልከቻ ክንድ ቀዳዳው የት እንዳለ ያሳያል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም በሥራ ላይ ውሏል። ብረቱ የገባለት ሰው ሳምንታትን በጀርባው ሳይተኛ በቀናት ውስጥ በክራንች ሊቆም ይችላል። ያ ማመልከቻ ክንድ የተሠራው ለመውደቅ መከላከያነት አይደለም፤ ቢሆንም ሕመምተኛው ከአልጋው ጋር ተቈራኝቶ የሚቈይበትን ዘመን ስለሚያሳጥር ከመከለያና ከደወል የበለጠ ሰው ከመውደቅ ያድናል።

ለዕለት ሥራ የሚቀረው የጥገና ክፍል ጉዳይ ነው፤ ይህም ቢሆን በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ፍሬን ነው። ሕመምተኛ ሊነሣ ሲል አልጋውን ይደገፋል፤ ከ4ቱ ጎማዎች የ2ቱ ፍሬን ካልያዘ አልጋው ከሥሩ ይሸሻል። ፍሬኑን መፈተሽ አልጋውን በጎን ገፋ አድርጎ ማየት ብቻ ነው፤ ሆኖም አልጋ እንደ ማሽን ስለማይቈጠር በጥገና ካርድ ላይ ስሙ አይገባም። ሁለተኛው ከፍታ ነው። ሐኪምና ነርስ ለመርፌና ለቍስል ሥራ አልጋው ከፍ ሲል ይመቻቸዋል፤ ለሕመምተኛው ደኅንነት ደግሞ ዝቅ ማለት አለበት። ሁለቱም እውነት ስለ ሆኑ አልጋው ከፍና ዝቅ የሚል መሆን አለበት፤ በሥራ ሰዓት ከፍ፣ በሌሊት ዝቅ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ አልጋ መብራት ሲጠፋ በነበረበት ከፍታ ይቀራል። ለዚሁ ተብሎ ውስጡ የተቀመጠው ባትሪ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞታል፤ መሞቱም የሚታወቀው መብራት የጠፋ ዕለት ነው። ስለዚህ መብራት ለሚቈራረጥበት ሆስፒታል አልጋ የሚመርጥ መሐንዲስ በእጅ የሚዞረውን ቢመርጥ ኋላ ቀር አያሰኘውም። የእጅ መዘውሩም ቢሆን ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲዞር ይጠፋል፤ አልጋውም ለሠራተኛው እንደተመቸ ከፍ ብሎ ያድራል። መዘውሩ ከአልጋው ጋር በአጭር ሰንሰለት ይታሰር። ማታ ማታ አልጋዎቹን ዝቅ የማድረጉ ነገር ደግሞ በተረኛ ነርሶች የርክክብ መዝገብ ላይ፣ ከመድኃኒቱና ከግሉኮሱ ቀጥሎ፣ በየአልጋው ቍጥር ፊት የሚሞላ አንድ ዐምድ ሊወጣለት ይገባል፤ መሐንዲሱም በየወሩ ፍሬኑንና ክፍተቱን ሲለካ ውጤቱን የሚጽፈው በዚያው መዝገብ ላይ ቢሆን ሁለቱ ሙያዎች አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ያያሉ።